ኒውቶቼና የእናቴ ጠበል

ለምን እንደገና እንደጀመርኩ ለጠየቀኝ ሁሉ የተለያየ መልስ ሰጥቻለሁ። ለልጄ «ቤቱ ጭር አለብኝ» አልኳት። ለሥራ ባልደረቦቼ «ድሮም የማውቀው ነገር ነው» አልኳቸው። ለእናቴ ደግሞ «ሐኪሙ ለጭንቀት ጥሩ ነው ብሎኛል» ብዬ ዋሸኋት። እውነቱን ተናገሪ ብባል እኔም አላውቀውም። ዕድሜዋ ሃምሳን የተሻገረ፣ በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ድንች ስትልጥ የምትውል ሴት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ብድግ ብላ ከሰቨን ሲስተርስ እስከ ብሪክስተን በባቡር ሄዳ፣ በአይስክሬም ዕቃ ውስጥ አራት ኒውት ይዛ ስትመለስ ምን ነክቷት ነው? ዕቃውን ጭኔ ላይ አድርጌ በባቡሩ ስመለስ እኔው ራሴን ይህንኑ ስጠይቅ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ክዳኑ ላይ የበሳኋቸውን ቀዳዳዎች አየት አደረገችና ቦታ ቀየረች።

ኒውት ማለት እንሽላሊት የሚመስል፣ ቆዳው ግን እንደ እንቁራሪት እርጥብ የሆነ፣ ርዝመቱ ከጣት እምብዛም የማይበልጥ የውሃ ፍጥረት ነው። የእኔዎቹ ጀርባቸው ጥቁር፣ ሆዳቸው ብርቱካናማ ነው። አይጮኹም፣ አይጫወቱም፣ ሲጠሯቸው አይመጡም። ቀዝቃዛ ውሃና ትል ካገኙ ዝም ብለው ይኖራሉ። የሰጡኝ ሰው ቤታቸው ውስጥ የሚያራቡ አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ናቸው። «ከዚህ በፊት ይዘሽ ታውቂያለሽ?» ሲሉኝ «አዎ» አልኩ። «ታዲያ ለምን ተውሽው?» ሲሉኝ ግን ጎንበስ ብዬ ኒውቶቹን መቁጠር ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ጊዜ ሃክኒ በሚባል ሰፈር ነው። ያኔ የመኖሪያ ወረቀት እየጠበቅኩ ከአምስት ሴቶች ጋር በተመደብኩበት ቤት ጓሮ፣ ማን እንደጣለው የማይታወቅ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ነበር። ዝናብ ሞልቶት፣ አረንጓዴ ሆኖ፣ ቅጠል በላዩ ተንሳፎ ይታያል። መሥራት አይፈቀድልኝም፤ ቋንቋው አልገባኝም፤ ከሴቶቹ ጋር ስለ ጉዳያችን ማውራት ሰልችቶኛል። እናም ጓሮ ወጥቼ ገንዳውን አየዋለሁ። አንድ ጸደይ ውስጡ የሆነ ነገር ሲላወስ አየሁ። ከየት እንደመጡ፣ አጥሩን እንዴት እንደተሻገሩ፣ ማን እንደፈቀደላቸው አላውቅም። መውጫ እንዲሆናቸው ድንጋይ ደረደርኩላቸው፤ ከቤተ መጻሕፍት ሥዕል ያለው መጽሐፍ አምጥቼ ስማቸውን አገኘሁ፤ ትል መቆፈር ለመድኩ። ሦስት ዓመት እንዲሁ ሆነ። ወረቀቱ ሲመጣ ሥራ መጣ፣ ባል መጣ፣ ልጅ መጣች፣ ባልየው ሄደ። ገንዳውን አንድ ቀን እንኳ ተመልሼ አላየሁትም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ሳስበው ግን እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

አሁን የምኖረው የሰፈሩ አስተዳደር፣ ካውንስሉ፣ በሰጠኝ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጄ ለትምህርት ሌላ ከተማ ስትሄድ ክፍሏን እናቴ ወርሳዋለች። እናቴ ከእኔ ጋር መኖር ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ለኒውቶቹ የገዛሁትን የመስታወት የውሃ ሳጥን የሳሎኑ ጥግ፣ ፀሐይ የማይደርስበት ቦታ ሳስቀምጥ ከወንበሯ ሆና ዝም ብላ ተመለከተችኝ። ፍጥረቶቹን ስጨምራቸው ግን አልቻለችም።

«እንሽላሊት! ሰው በመጥረጊያ ከቤቱ የሚያባርረውን አንቺ ባቡር ተሳፍረሽ ታመጪዋለሽ?»

«እንሽላሊት አይደለም እማዬ። ውሃ ውስጥ ነው የሚኖረው።»

«ውሃ ውስጥ ስለኖረ ነው ዓሣ የሚሆነው?»

ልጄ በስልክ ሰምታ ከእሷ አልተሻለችም። «ማም፣ አር ዩ ኦኬ? ሲሪየስሊ፣ ምንድነው እሱ? በቃ ዶግ ግዢ» አለችኝ።

የእናቴ ቁጣ ሳምንት አልሞላም፤ በምትኩ ሕግ አወጣች። ትል ስሰጣቸው አይታ ቀኑን ቆጠረች። ረቡዕ ነበር። «እኔ ባለሁበት ቤት ረቡዕና ዓርብ ሥጋ አይበላም» አለችኝ። ትል ሥጋ ነው አይደለም ብዬ ልከራከር አሰብኩና ተውኩት። ኒውቶቹን የሰጡኝ ሽማግሌ ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን? ደግነቱ ኒውት በየቀኑ ካልበላሁ አይልም። እሑድ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ እያበላኋቸው ሁላችንም ተስማማን።

አሁን ወደ ጠበሉ ልምጣ፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው።

የእናቴ ሕመም ጉልበቷ ነው። የቀኙ ያብጣል፣ ይቆለፋል። ሊፍቱ ከሚሠራበት የሚቆምበት ጊዜ ስለሚበልጥ ወራት ሙሉ ከቤት ሳትወጣ ትከርማለች። የሐኪሙን ኪኒን ትውጣለች፤ ተስፋዋ ግን እዚያ ላይ አይደለም። እህቷ ከትውልድ ሰፈራቸው ጠበል፣ እናቴ በልጅነቷ ከተጠመቀችበት ምንጭ ቀድታ፣ በመንገደኛ ሻንጣ ሦስት ትልልቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ ላከችላት። እንዳይፈስ ክዳኑ ሁሉ በቢጫ ፕላስተር ተጠምጥሟል። እዚህ ቤተ ክርስቲያንም ጠበል አለ ስላት «እሱንማ አባ ከቧንቧ ነው የሚቀዱት» ትለኛለች። በየጠዋቱ በባዶ ሆዷ፣ በመስኮቱ በኩል ፊቷን አዙራ፣ አንድ ሲኒ ትጠጣለች። የተረፋትን በመዳፏ ጉልበቷን ታብስበትና «አሜን» ትላለች። አሜኗ ሳሎን ድረስ ይሰማል።

ኒውቶቹም የራሳቸው ውሃ አላቸው። በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ቆዳቸውን ስለሚጎዳው ቀድቼ፣ ክዳኑን ከፍቼ ሁለት ቀን አቆየዋለሁ። ከዚያ ከድኜ ወጥ ቤት በሩ ጀርባ መሬት ላይ እደረድረዋለሁ። የምቀዳበት ጠርሙስ ጠበሉ ከመጣበት ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ለስላሳ የሚሸጥበት፣ ወረቀቱ የተላጠ። የጠበሉ ቦታ እዚያው ወጥ ቤት፣ ቁም ሳጥኑ ላይ ነው። አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች፤ ምን ሊያጋጨው ይችላል?

እናቴ ዓይኗም ደክሟል። አንድ ቀን የእኔን ጠርሙሶች መሬት ላይ ታያለች። ጠበሉን መሬት ያስቀመጥኩት መስሏት ትደነግጣለች፤ በዚያ ጉልበቷ አንድ በአንድ አንስታ ከጠበሉ ጎን ትደረድራቸዋለች። ለእኔ አልነገረችኝም፤ ምናልባት እንዳላፍር ብላ ነው። ቅዳሜ ጠዋት እሷ ገላዋን ስትታጠብ የሳጥኑን ውሃ ልቀይር ተነሳሁ። ከበሩ ጀርባ ጠርሙስ የለም። ቀና ስል ከላይ ተደርድሯል። ከፊት የነበሩትን ሁለቱን አወረድኩ። በጥርሴ ፕላስተሩን ፈታሁ፣ አፈሰስኩ። ሁለተኛውንም ፈታሁ፣ አፈሰስኩ። ኒውቶቹ ቀዝቃዛው ውሃ ሲነካቸው ተገላበጡ፤ ደስ ብሏቸዋል ብዬ ሳይቀር አሰብኩ።

ቢጫው ፕላስተር ከንፈሬ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ያኔ ነው የገባኝ።

የራሴን ውሃ ማን በፕላስተር ያሽግልኛል? አንድ ጊዜ ባስብ ኖሮ! የመጀመሪያው ጠርሙስ ትናንት ጠዋት አልቋል፤ የቀሩት ሁለቱ እነዚህ ነበሩ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። ከመታጠቢያው ውሃው መፍሰሱን ሲያቆም ሰማሁት። እጄ ራሱ ሄዶ ቧንቧውን ከፈተ። ሁለቱንም ሞላሁ፣ ፕላስተሩን እንደነበረ ጠመጠምኩ፣ ቦታቸው መለስኩ። ልነግራት ነበር፤ እምላለሁ፣ ልነግራት ነበር። ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ብቅ አለችና «ጠበሌን አውርጂልኝ እስቲ፣ የኔ እናት» አለችኝ። የኔ እናት ባትለኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር መሰለኝ። አወረድኩላት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ጠጣች፣ ጉልበቷን አበሰች፣ «አሜን» አለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት እንደምተርከው አላውቅም፤ እስከ ዛሬም በቅጡ አልገባኝም።

መጀመሪያ የተቸገርኩት በሳጥኑ ውሃ ነው። ጠበል የገባበትን ውሃ ሽንት ቤት አይደፉትም፣ ዕቃ ማጠቢያ ውስጥም አይለቁትም፤ እግር የማይረግጠው ቦታ ነው የሚፈስሰው። ስለዚህ ውሃ በቀየርኩ ቁጥር ባልዲውን ይዤ ሦስት ፎቅ ወርጄ ከግቢው ዛፍ ሥር አፈስሳለሁ። አንድ ቀን ዝናብ እየዘነበ ጎረቤቴ አየኝና ምን እንደማደርግ ጠየቀኝ። «ዛፉን ውሃ እያጠጣሁት ነው» አልኩት። ጃንጥላውን ከፍ አድርጎ ሰማዩን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ፣ ከዚያ ወደ ሥራው ሄደ። ምን ያድርግ? እኔ ጠበል ከተጠመቅኩ ስንት ዓመቴ ነው፤ አራት ኒውቶች ግን ሳሎኔ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ይጠመቃሉ።

ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። ስልኩን ሲያነሱ «ለሰላምታ ነው አባ፣ እንዴት አደሩ?» ብዬ ዘጋሁት። ከየት ልጀምርላቸው? ከኒውቱ? ኒውት ምንድነው ሲሉኝስ?

ሁለተኛው ጉዳይ የእናቴ ነው። በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ቀን እብጠቱ ጎደለ። በአሥረኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ወንበሯ ባዶ ነው። ክፍሏ የለችም፣ መታጠቢያ የለችም። ልወጣ በሩን ስከፍት ደረጃው ላይ አገኘኋት፤ አንድ እጇ መደገፊያው ላይ፣ አንድ እጇ የጎመን ከረጢት ይዟል። ብቻዋን ወርዳ፣ ብቻዋን ሰቨን ሲስተርስ ገበያ ደርሳ፣ ብቻዋን ሦስት ፎቅ ወጥታለች።

«ምን ታፈጪብኛለሽ?» አለችኝ እየሳቀች። «ጠበሉ ነው። ከአገሬ የመጣው ጠበል ነው ያነሳኝ!»

ደስ አለኝ። ከልቤ ደስ አለኝ፤ ግን ከቧንቧ የቀዳሁትን ነው የጠጣችው። ወይስ ኪኒኑ ነው? የአየሩ መሞቅ ነው? ወይስ በየቀኑ የሚደረገው ጸሎት የቧንቧውንም ጠበል አድርጎታል? እንዲህ ከሆነ እኔ የዋሸሁት ምኑን ነው? ካልሆነስ? ድንች እየላጥኩ አስባለሁ፣ ትል እየቆረጥኩ አስባለሁ፤ ባሰብኩ ቁጥር የማውቀው ይቀንሳል። በየጠዋቱ ግን ሲኒውን እያየሁ ቆሜአለሁ። አንዴም አልተናገርኩም።

በዚያው ሰሞን ከኒውቶቹ አንዷ እንቁላል መጣል ጀመረች። እንቁላሏን እንደ ሌላው ፍጥረት አታፈሰውም። ሳጥኑ ውስጥ ካለው የውሃ ተክል አንዱን ቅጠል በኋላ እግሮቿ ትይዛለች፣ እንቁላሏን መሐሉ ታኖራለች፣ ቅጠሉን አጥፋ ትጠቀልለዋለች። ከዚያ ወደሚቀጥለው ቅጠል ትሄዳለች። እናቴ ወንበሯን ሳጥኑ አጠገብ አስጠግታ ስታይ ዋለች።

«ስንት ትወልዳለች?» አለችኝ።

«መቶም፣ ሁለት መቶም ይሆናል።»

«ሁሉንም እንዲህ አንድ በአንድ?»

«አንድ በአንድ።»

«ወይ ጉድ! እኔ አንዷን አንቺን ጠቅልዬ መች ቻልኩበት» አለች። እንሽላሊት የሚለውን ስም ከዚያ ቀን ጀምሮ ትታዋለች። ያን ዕለት ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ሻይ ትፈልጊያለሽ ወይ ብዬ ዘጋሁት።

ነገሩ በዚህ ቢቀር ኖሮ ዝም ብዬ እኖር ነበር፤ ይህን አልክድም። ግን እናቴ ስትድን ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ሄደች፣ ሄዳም መሰከረች። ሰው ከዳነ ይመሰክራል፤ ምን ጥፋት አለበት? በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት በራችንን አንኳኳች። ከእናቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን የምትተዋወቅ፣ ዕድሜዋ የእኔን የሚያክል ናት። ባሏ ልቡን ታሟል። እናቴ ያልተከፈተውን ሁለተኛውን ጠርሙስ ልትሰጣት ቃል ገብታላታለች።

ሴትዮዋ ሻይዋን ሳትነካ እናቴን ብቻ ታያለች።

«ኪኒን ሰልችቶታል እማማ። በቀን ስድስት ዓይነት ነው። ጨጓራዬን በላው እያለ ነው የሚውጠው። እርስዎን እንዲህ ያስነሳ ጠበል ከተገኘ ኪኒኑ ምን ያደርግለታል? ጠበሉን እንደያዝኩ እተወዋለሁ እያለ ነው፤ እኔም ይሁን ብዬዋለሁ።»

እናቴ ተነሳች። ያለ ምርኩዝ፣ ያለ ድጋፍ፣ እንደ ወጣት ነበር አነሳሷ። ጠርሙሱን ልታመጣ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። ተከተልኳትና በሩን ዘጋሁት።

«አትስጫት እማዬ።»

«ለምን?»

«ጠበል አይደለም። ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ ነው። ጠበሉን ሳላውቅ ኒውቶቹ ጋ ደፋሁት፤ ሁለቱንም። ከዚያ ሞላሁት።»

እጇ ጠርሙሱ ላይ ነበር፣ አላነሳችውም። መጀመሪያ ያልሰማችኝ መሰለኝ፤ ደግሜ ልነግራት ስል እጇን ከፍ አድርጋ ዝም አሰኘችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ሳሎን ገባች።

«ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ» ስትል ከበሩ ጀርባ ሰማኋት። «አርጅቻለሁ፣ አስቸገርኩሽ። ለካ ጨርሼዋለሁ። አንድ ጠብታ የለም። ባልሽ ኪኒኑን እንዳያቋርጥ፣ ስሚኝ፣ አንዱንም እንዳያቋርጥ። እኔም ኪኒኔን አልተውኩም፤ እሱን መናገር ረስቼ ነው።»

እናቴ ስትዋሽ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሴትዮዋን እስከ በሩ ሸኘቻት፣ ለባሏ ምሕረት ለመነችላት፣ ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። እኔ ቆሜአለሁ። ልትሰድበኝ፣ ልትረግመኝ፣ ሳጥኑን አውጥተሽ ጣይ ልትለኝ እየጠበቅኩ ነው።

«ስንት ቀን ሆነው?» አለችኝ።

«አሥራ ዘጠኝ።»

«ስቀዳው ታዪኝ ነበር?»

«አዎ።»

«አሜን ስልም?»

«አዎ እማዬ።»

ራሷን ነቀነቀች። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ አንዴ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ። «ይሁን፣ ይሁን» አለች፤ ቁጣ የለበትም ድምፅዋ። «ደክሞኛል፣ ጋደም ልበል» ብላ ወንበሩን ተደግፋ ልትነሳ ስትል ቀኝ ጉልበቷ እንቢ አለ። ደግማ ሞከረች። ጉልበቷን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

«ያዢኝ» አለችኝ።

ብብቷ ሥር ገብቼ አነሳኋት። ከወንበሩ እስከ አልጋዋ ትንሽ ርምጃ ነው፤ ሦስት ጊዜ ቆምን። እኔ የማለቅሰው ለሠራሁት ውሸት ይሁን ለነገርኳት እውነት ማወቅ አልቻልኩም። አልጋው ላይ ሳስቀምጣት እግሯን በሁለት እጄ አንስቼ ጫንኩላት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ደህና ነበርኩ እኮ» አለች። «ደህና ነበርኩ።»